ምዕራፍ 6፦ ለበረዶው ማን ይከፍላል?

እኛ ዘንድ አደይ አበባ በሚፈነዳበት ሰሞን፣ በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት፣ ኖርዝ ብራንች ከምትባል ከተማ አጠገብ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። በዓሉን ሄይዴይስ ይሉታል፤ ከ1960ዎቹ ጀምሮ የሚካሄድ የስኖውሞቢል ባዛርና ውድድር ነው (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በረዶ የሚባል ነገር የለም። ለበረዶ የተሠሩት ሞተሮች የሚሽቀዳደሙት በሣር ላይ ነው። ሕዝቡ ከወራት በኋላ የሚመጣውን ክረምት ሊቀበል ወጥቷል፤ በየድንኳኑ መለዋወጫ፣ ጃኬትና ሄልሜት ይገበያያል። ለብዙ ዓመታት በነዚሁ ድንኳኖች የሚሸጥ ሌላም ዕቃ ነበር፦ የዓመቱ አዳዲስ የስኖውሞቢል ፊልሞች።

እነዚህን ፊልሞች ያየ ሰው መጀመሪያ የሚገርመው ድፍረቱ ነው። አንድ ሰው ሁለት መቶ ኪሎ ገደማ የሚመዝን ማሽን ይዞ ከገደል አፋፍ ይወረወራል፤ ወገብ የሚደርስ ለስላሳ በረዶ ውስጥ ይሰምጣል፤ እንደገና ብቅ ብሎ ሽቅብ ይወጣል። እኔን ግን የበለጠ የሚገርመኝ ገንዘቡ ነው። ማሽኑ ውድ ነው፤ ተራራው ሩቅ ነው፤ ተመልካቹ ጥቂት ነው። ታዲያ ማን ከፍሎበት ተሠራ? መልሱን ከወዲሁ ልናገር፦ የስኖውሞቢል ፊልም በራሱ ሽያጭ ወጪውን ሊሸፍን የቻለበት ዘመን አጭር ነበር። ከዚያ ወዲህ ሒሳቡን የሚዘጋው ሌላ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ነው። ይህ ለውጥ እንዴት እንደመጣ ማየት፣ ስለ ስኖውሞቢል ብቻ ሳይሆን ትንሽ ገበያ ላለው ፊልም ሁሉ ብዙ ያስተምራል።

ማሽኑና ገበያው

ስኖውሞቢል ከፊት ሁለት የበረዶ መንሸራተቻ፣ ከኋላ ደግሞ በሞተር የሚሽከረከር ሰፊ የጎማ ሰንሰለት ያለው ተሽከርካሪ ነው። የካናዳው ተወላጅ ጆሴፍ አርማንድ ቦምባርዲየ በ1930ዎቹ በኩቤክ፣ ቫልኩር በምትባል ከተማ ብዙ ሰው የሚጭኑ የበረዶ መኪኖች ይሠራ ነበር። በ1959 ስኪዱ የተባለችውን ቀላል ማሽን አወጣና መጓጓዣ የነበረውን ነገር መዝናኛ አደረገው። በሚኒሶታም ፖላሪስና አርክቲክ ካት የራሳቸውን ማሽን ይሠሩ ነበር፤ ከጃፓን ያማሃ ገባ።

የገበያው ስፋት ለፊልሙ ታሪክ ቁልፍ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ከመቶ የሚበልጡ አምራቾች በነበሩበት ዘመን፣ በዓመት ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ስኖውሞቢል ይሸጥ ነበር። በቅርብ ዓመታት ግን በመላው ዓለም የሚሸጠው 150 ሺህ አይሞላም። ከነዚህ ገዢዎች ብዙዎቹ በተጠረገ መንገድ የሚነዱ፣ ዓሣ ለማጥመድ ወይም ለሥራ የሚጠቀሙ ናቸው። ፊልሞቹ የሚያሳዩት ደግሞ የተራራ ነጂዎችን ነው፤ ይኸውም የዚያ የጥቂቱ ገበያ ጥቂቱ ክፍል ማለት ነው። ፕሮዲዩሰሩ ገና ካሜራውን ሳያነሳ የተመልካቹ ቁጥር ተወስኖለታል።

ከፋዩ ተመልካች በነበረበት ዘመን

የክረምት ስፖርት ፊልም መንገድ የጠረገው ዋረን ሚለር የተባለ አሜሪካዊ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አይዳሆ ውስጥ፣ ሰን ቫሊ በሚባለው የበረዶ መንሸራተቻ ሥፍራ፣ መኪና ማቆሚያው ላይ በቆመች ትንሽ ተጎታች ውስጥ እየኖረ ከጓደኛው ጋር ስኪ ይንሸራተት ነበር። በ1950 የመጀመሪያ ፊልሙን አወጣ። ዘዴው ቀላል ነበር፦ በክረምት ይቀርጻል፤ በበጋ ያቀናብራል፤ በመኸር አዳራሽ ተከራይቶ፣ ማይክ ይዞ፣ ቀልድ እየቀላቀለ ፊልሙን ራሱ ይተርካል። መግቢያውን የሚከፍለው ተመልካቹ ነው። በየከተማው እየዞረ ለአሥርት ዓመታት በዚሁ ኖረ፤ የሱን ፊልም ማየትም ለብዙ ቤተሰብ የክረምቱ መባቻ ልማድ ሆነ።

የስፖርት ፊልም ሁለተኛው አባት ብሩስ ብራውን ነው። በ50 ሺህ ዶላር ገደማ የሠራውን ‘ዘ ኤንድለስ ሰመር’ የተባለ የባሕር ሞገድ ስፖርት ፊልም ይዞ አከፋፋዮች ዘንድ ሲሄድ፣ ከባሕር ዳርቻ ርቆ የሚያየው አይኖርም ብለው መለሱት። እሱም ባሕር በሌለባት በካንሳስ፣ ዊችታ ከተማ፣ በክረምት አዳራሽ ተከራይቶ አሳየው፤ ሕዝቡ ተሰልፎ ገባ። ፊልሙ በ1966 በሰፊው ተሰራጭቶ በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር አስገባ። ብራውን በ1971 ደግሞ ስለ ሞተር ብስክሌት ‘ኦን ኤኒ ሰንዴይ’ን ሲሠራ ገንዘቡ የመጣው ከዝነኛው ተዋናይ ከስቲቭ ማክዊን ነበር፤ ማክዊን ራሱም ፊልሙ ውስጥ ይነዳል።

የነዚህ ሁለት ሰዎች ስኬት አንድ የጋራ ምሥጢር አለው። ሁለቱም ስፖርቱን ለማያውቅ ሰው ተርከውለታል። ተመልካቹ ሞገዱን ወይም በረዶውን ባያውቅም ሰዎቹን ያውቃቸዋል፤ ጉዟቸው ያሳስበዋል። የስኖውሞቢል ፊልም የተወለደው ግን ከሌላ ወገን ነው። በ1995 ‘ክረስቲ ዲመንስ ኦፍ ደርት’ የተባለ የሞተር ብስክሌት ቪዲዮ ወጣ፤ ታሪክ የለውም፣ ተራኪ የለውም፤ ዝላይ፣ ውድቀትና ጩኸታም ሙዚቃ ብቻ ነው። ወጣቶቹ አበዱለት። በዚያው ዓመት ሶኒ ቪኤክስ1000 የተባለውን ዲጂታል ካሜራ ለገበያ አቀረበ፤ በጥቂት ሺህ ዶላር ለቴሌቪዥን የሚበቃ ምስል ማንሳት ተቻለ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ‘ስሌድኔክስ’ የተባለው ተከታታይ ፊልም ይህንኑ ስልት ወደ በረዶው አመጣ፤ ‘ተንደርስትራክ’፣ ‘ቡንዶከርስ’ እና ‘509’ን የመሳሰሉትም ተከተሉ። ነጂው ተደሰተ፤ ነጂ ያልሆነው ግን ከአሥር ደቂቃ በላይ የሚያቆየው ነገር አላገኘም። የዊችታው በር የተዘጋው ያኔ ነው።

አንድ ጥሩ ቀን

የወጪውን ምንጭ ለመረዳት አንድ የቀረጻ ቀን ጠጋ ብሎ ማየት ይበጃል።

ቡድኑ በካናዳ፣ በብሪትሽ ኮሎምቢያ፣ ሬቭልስቶክ በምትባል የተራራ ከተማ ሰፍሯል እንበል። ጥሩ ምስል ለማግኘት ሁለት ነገር አንድ ላይ መገጣጠም አለበት፦ አዲስ የወረደ ጥልቅ በረዶና ፀሐይ። ችግሩ በረዶ የሚያመጣው ደመና ነው። ሰማዩ ሲደፈን በነጩ መሬት ላይ ጥላ አይኖርም፤ ጉብታውና ጎድጓዳው አይለይም። ካሜራው የሚያየው አንድ ወጥ ነጭ ነው፤ ነጂው ራሱ የሚያርፍበትን መሬት አያይም። ስለዚህ ቡድኑ ማዕበሉ እስኪያልፍ ሆቴል ተቀምጦ ይጠብቃል። ሆቴሉ ይቆጥራል፤ ምግቡ ይቆጥራል። ሰማዩ በተገለጠ ማግሥት ሁሉም ገና በጨለማ ተነስቶ ማሽኑን ከተጎታች ያወርዳል፤ ምክንያቱም የዚያች ከተማ ነጂ ሁሉ ያችኑ ቀን ሲጠብቅ ሰንብቷል። ሌላ ሰው ቀድሞ ከገባ ያ ንጹሕ ቁልቁለት በሰንሰለት ዱካ ተተልትሎ ይጠብቃል።

እዚህ ላይ ከስቱዲዮ ሥራ ጋር ያለው ትልቁ ልዩነት ይመጣል። ተዋናይ ሲሳሳት ዳይሬክተሩ ‘እንደገና’ ይላል። በረዶ ላይ እንደገና የለም። ነጂው አንዴ ካለፈበት ዱካው እስከ ቀጣዩ ማዕበል ይቀራል። ካሜራማኑ ትኩረቱን ከሳተ፣ ወይም በረዶው ሌንሱን ከሸፈነው፣ ሌላ ቁልቁለት መፈለግ ግድ ነው፤ ሌላ ቁልቁለት ማለት ሌላ ነዳጅና ሌላ ሰዓት ነው።

ካሜራማኑ ራሱ ጎበዝ ነጂ መሆን አለበት፤ መሣሪያውን በጀርባው አዝሎ ነጂው የደረሰበት ሁሉ መድረስ ይጠበቅበታል። ባትሪ በብርድ ቶሎ ስለሚደክም ትርፎቹን ከጃኬቱ ሥር፣ ገላው ላይ አድርጎ ያሞቃቸዋል። ማታ ካሜራውን በቀጥታ ወደ ሞቀ ክፍል አያስገባውም፤ ያስገባው እንደሆነ እርጥበቱ ሌንሱ ላይና ውስጡ ድረስ ጤዛ ሆኖ ይቀመጣል። የበረዶ ናዳ የቀበረውን ሰው ለማግኘት ሁሉም ደረታቸው ላይ የሬዲዮ ምልክት ማስተላለፊያ አስረዋል፤ በቦርሳቸው አካፋና ረጅም መፈለጊያ ዘንግ አለ። ቁልቁለቱን ከመንካታቸው በፊት በረዶውን ቆፍረው ንብርብሩን ያያሉ። ልቅ ንብርብር ከሥር ካለ ቀኑ ምንም ያህል ቢያምር ወደ ኋላ ይመለሳሉ። የቀኑ ወጪ ግን አይመለስም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ከአንድ ጥሩ ቀን ለፊልሙ የሚተርፈው ጥቂት ሴኮንድ ሊሆን ይችላል። ክረምቱ ሙሉ እንዲህ ያሉት ቀናት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

የሄሊኮፕተሩ ሒሳብ

አሁን ወደ ቁጥር እንግባ። ቁጥሮቹ ለማሳያ የተወሰዱ ናቸው፤ ከገበያው ግን አይርቁም። አንድ አዲስ የተራራ ስኖውሞቢል ከ15 ሺህ ዶላር በላይ ያወጣል። የሄሊኮፕተር ኪራይ በሰዓት ከ2 ሺህ ዶላር ያልፋል። በሰዓት 2,500 ዶላር ብንይዝ፣ የአምስት ሰዓት በረራ 12,500 ዶላር ነው።

ዲቪዲው 25 ዶላር ይሸጣል እንበል። ግማሹን ባለሱቁ ይወስዳል፤ ማተሚያውና ማሸጊያው ሲቀነስ ለፕሮዲዩሰሩ አሥር ዶላር ይደርሰዋል። እንግዲያው የአንድ ቀን ሄሊኮፕተር ብቻ ለመሸፈን 1,250 ቅጂ መሸጥ አለበት። ጉዞው፣ ነዳጁ፣ የካሜራማኑ ደመወዝ፣ የበጋው የቅንብር ሥራ ገና አልተነካም። ያም ሆኖ ዲቪዲው በሚሸጥበት ዘመን ሒሳቡ ይቻል ነበር፤ ነጂው በየመኸሩ ሁለት ሦስት ፊልም ገዝቶ ክረምቱን ሙሉ ከጓደኞቹ ጋር ደጋግሞ ያየው ነበር።

ቀጥሎ የመጣው የአዲስ አበባ ፊልም ሠሪ በቪሲዲ ዘመን በሚገባ የሚያውቀው ነው። መጀመሪያ ቅጂ ያለ ፈቃድ ተባዛ፤ ቀጥሎ ቅጂ የሚባለው ነገር ራሱ አስፈላጊ መሆኑ ቀረ። በ2005 ዩቲዩብ መጣ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሄልሜት ላይ የምትታሰረው ጎፕሮ ካሜራ ነጂውን ሁሉ ካሜራማን አደረገችው። በ2013 ለገበያ የቀረበው ፋንተም የተባለ ትንሽ ድሮን ደግሞ ቀድሞ ሄሊኮፕተር ብቻ ያነሳ የነበረውን ምስል በሺህ በማይሞላ ዶላር ማንሳት አስቻለ።

ይህ ለፕሮዲዩሰሩ እፎይታ ይመስላል፤ በከፊልም ነው። ነገር ግን መሣሪያው ለሱ ሲረክስ ለሁሉም ረከሰ። ከላይ የተነሳ የተራራ ምስል ብርቅ መሆኑ ቀረና ተመልካቹ በነጻ ይጠብቀው ጀመር። በሺህ ዕይታ ሦስት ዶላር የማስታወቂያ ገቢ ይገኛል ብንል፣ ያንኑ 12,500 ዶላር ለማግኘት ከአራት ሚሊዮን የሚበልጥ ዕይታ ያስፈልጋል፤ በዓመት 150 ሺህ ማሽን በማይሸጥበት ስፖርት። ካሜራው ረከሰ፣ ፊልሙም ረከሰ። ዋጋቸው ያልቀነሰው በረዶው፣ ተራራው፣ ማሽኑና የሰው አካል ናቸው።

ስፖንሰሩ ምን ይገዛል?

ተመልካቹ ከከፋይነት ሲወጣ ቦታውን የያዘው ስፖንሰር ነው። የስፖንሰር ድጋፍ ሲባል ግን ሁልጊዜ ጥሬ ገንዘብ ማለት አይደለም። ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በዓይነት ነው፦ ለክረምቱ የሚነዳ ማሽን፣ በርሜል ዘይት፣ ጃኬትና ሄልሜት፣ መለዋወጫ። ይህ ነጂውን ያስደስታል፤ የቤት ኪራይ ግን በሞተር ዘይት አይከፈልም።

ሌላው ችግር የቀን መቁጠሪያው ነው። ፋብሪካዎቹ የቀጣዩን ዓመት ሞዴል የሚያስተዋውቁት በየካቲትና መጋቢት አካባቢ ነው፤ የተራራ ነጂው በፀደይ ቀብድ ከፍሎ ያዝዛል፣ ማሽኑን በመኸር ይረከባል። ፊልሙ የሚወጣው ደግሞ በመስከረምና በጥቅምት ነው። ክረምቱን ሙሉ የተቀረጸው ያለፈው ሞዴል ነው፤ ፊልሙ ሲወጣ ሱቅ ውስጥ ያለው አዲሱ ነው። ስፖንሰሩ አዲሱ ማሽን እንዲታይለት ይፈልጋል፤ አዲሱ ማሽን ደግሞ ካሜራማኖቹ እጅ የሚገባው ክረምቱ ሊያልቅ ሲል ነው። የወራት ሥራ በአንድ በኩል፣ የመጨረሻዎቹ ጥቂት ሳምንታት ሩጫ በሌላ በኩል ይሆናል።

ሦስተኛው የስፖንሰሮቹ ቁጥር ማነስ ነው። ለረጅም ጊዜ አራት ትልልቅ አምራቾች ነበሩ፦ ስኪዱን የሚያመርተው ቢአርፒ፣ ፖላሪስ፣ አርክቲክ ካትና ያማሃ። ያማሃ ከስኖውሞቢል ሥራ እንደሚወጣ በ2023 አስታወቀ። የአርክቲክ ካት ባለቤት የነበረው ቴክስትሮን በ2024 መጨረሻ ምርቱን ለጊዜው እንደሚያቆም ገለጸ፤ በ2025 ኩባንያው ለሌላ ተሸጠ። አራት በር ያንኳኳ የነበረ ፕሮዲዩሰር ዛሬ በእርግጠኝነት የሚያንኳኳው ሁለት በር ነው። ክረምቱ ራሱም አይታመንም፤ በ2023–24 ሚኒሶታ ከወትሮው እጅግ የሞቀ ክረምት አሳልፋለች። በረዶ ባልጣለበት ዓመት ማሽን አይሸጥም፤ ማሽን ካልተሸጠ መጀመሪያ የሚቆረጠው የማስታወቂያ በጀት ነው።

ፈቃድ፣ ሙዚቃ፣ አደጋ

ፕሮዲዩሰሩ ገንዘብ ቢያገኝም የሚጠብቁት ሦስት ወጪዎች አሉ፤ ስክሪኑ ላይ አይታዩም።

የመጀመሪያው መሬቱ ነው። በምዕራብ አሜሪካ ያሉት ምርጥ ተራሮች ብዙዎቹ የመንግሥት ደን ናቸው። በ1964 የወጣው ሕግ ‘ዱር’ ተብሎ በተከለለው መሬት ውስጥ ሞተር ያለው ተሽከርካሪን ይከለክላል፤ ወሰኑን በስህተት ያለፈ ነጂ ምስሉ ራሱ ማስረጃ ይሆንበታል። በ2000 የወጣ ሌላ ሕግ ደግሞ በፌዴራል መሬት ላይ ለንግድ የሚደረግ ቀረጻ ክፍያ እንዲጠየቅበት አድርጎ ነበር። ፈቃድ በሚያስፈልግበት ጊዜ ማመልከቻው ቀን ይፈልጋል፤ በረዶው ግን ቀን ቀጥሮ አይወርድም።

ሁለተኛው ሙዚቃው ነው። እነዚህ ፊልሞች ንግግር ስለሌላቸው ግማሽ ነፍሳቸው ማጀቢያው ነው። አንድ የታወቀ ዘፈን ለመጠቀም ሁለት ፈቃድ ያስፈልጋል፦ ከድርሰቱ ባለመብትና ከቅጂው ባለመብት። ትንሽ በጀት ያለው ሰው ወደማይታወቁ ባንዶች ይሄዳል። ፈቃድ ሳይዝ ያስገባ ደግሞ ፊልሙ ኢንተርኔት ላይ ሲወጣ ድምፁ ይጠፋበታል፤ ወይም የማስታወቂያው ገቢ ለዘፈኑ ባለቤት ይሄድበታል።

ሦስተኛው፣ ከሁሉም የከበደው፣ አደጋው ነው። መጋቢት 2010 በሬቭልስቶክ አቅራቢያ ነጂዎች ለትርዒት በተሰበሰቡበት ተራራ የበረዶ ናዳ ወርዶ ሁለት ሰው ገደለ፤ 30 ያህል ሰው ተጎዳ። በጥር 2013 ደግሞ ኬሌብ ሙር የተባለ የ25 ዓመት ነጂ አስፐን በምትባል የአሜሪካ ከተማ፣ ኤክስ ጌምስ በተባለው ውድድር ላይ ሲገለበጥ ማሽኑ አርፎበት፣ ከቀናት በኋላ ሕይወቱ አለፈ። በዚያ ውድድር ታሪክ የመጀመሪያው ሟች ነበር፤ አዘጋጆቹም ‘ምርጥ ትርዒት’ የተባለውን ዘርፍ ሰረዙ። ሁለቱም የፊልም ቀረጻ አልነበሩም፤ አደጋው ግን ያው ነው። የመድን ኩባንያም ሆነ የፋብሪካ ጠበቃ ሲያሰላ ይህን ያስባል። ትልቁ ዝላይ ፊልሙን ያሸጣል፤ ያው ዝላይ ስፖንሰሩን ያስደነግጣል። ፕሮዲዩሰሩ በሁለቱ መካከል ነው የሚኖረው።

ካሜራውን ትቶ መነጽር መሸጥ

ከዚህ ወጥመድ የወጡት እነማን ናቸው? የ509 ታሪክ ግልጽ መልስ ይሰጣል። 509 የምሥራቅ ዋሽንግተን ግዛት የስልክ መለያ ቁጥር ነው፤ በዚያ ስም የተቋቋመው ድርጅት የስኖውሞቢል ፊልም ይሠራ ነበር። በየዓመቱ አዲስ ፊልም ያወጣል፤ ነጂዎቹም በተራራ ነጂው ዘንድ ዝነኞች ሆኑ። ቀጥሎ ድርጅቱ የበረዶ መነጽር መሸጥ ጀመረ፤ ከዚያ ሄልሜት፣ ከዚያ ልብስ። ፊልሙን አይቶ የወደደ ወጣት ፊልሙ ላይ ያየውን መነጽር ገዛ። በ2015 ፖላሪስ ድርጅቱን ሲገዛ የገዛው የሄልሜትና የመነጽር ገበያ ነበር። ፊልሙ ስሙን ሠራ፤ ስሙ ዕቃውን ሸጠ።

ነጂዎቹም በዚሁ መንገድ ሄደዋል። ክሪስ ቡራንትን የመሰሉ በፊልም የታወቁ ነጂዎች ዛሬ እንግዳ ተቀብለው ተራራ ላይ ያስነዳሉ፤ ብሬት ራስሙሰን የአነዳድ ሥልጠና ይሰጣል። ደንበኛው ከፍሎ የሚመጣው ስክሪን ላይ ካየው ሰው ጎን ለመንዳት ነው። ለነዚህ ሰዎች ፊልም ገቢ አይደለም፤ ደንበኛ የሚጠራ ደወል ነው።

ይህ መፍትሔ ዋጋ አለው። ፊልሙን የሚከፍለው መነጽሩ ሲሆን፣ ፊልሙ መነጽሩን የሚያስቀይም ነገር ሊናገር አይችልም። በፋብሪካ ገንዘብ የተሠራ ፊልም የማሽኑን ብልሽት አያሳይም፤ የሞተውን ጓደኛ፣ የተሰበረውን ወገብ፣ የቀነሰውን በረዶ ቀስ ብሎ ያልፈዋል። የርዝመቱም ነገር ተቀይሯል፦ አንድ ሰዓት የነበረው ፊልም አምስት ደቂቃ የሆነው የተመልካቹ ትዕግሥት ስላለቀ ብቻ አይደለም፤ ለማስታወቂያ አምስት ደቂቃ ስለሚበቃ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ረጅም የስኖውሞቢል ፊልም ለመሥራት የሚነሳ ሰው ሁለት መንገድ አለው። አንዱ እንደ 509 የሚሸጥ ዕቃ ይዞ መነሳት፣ ፊልሙንም የሱቁ መስኮት ማድረግ ነው። ሌላው እንደ ብሩስ ብራውን ማሽኑን ነድቶ ለማያውቅ ሰው የሚሆን ታሪክ መፈለግ ነው። ታሪኩም ሞልቷል፦ ፋብሪካው የተዘጋበት ከተማ፣ በረዶ የራቀው ገበሬ፣ ልጇ ገደል ለገደል ሲዘል በስልክ የምታይ እናት። ሁለተኛው መንገድ በጣም ከባዱ ነው፤ ያልተሸጠበት ገበያ ግን ያለው እሱ ጋ ነው። ከሁለቱ አንዱን ሳይመርጥ፣ ጥሩ ምስል ካመጣሁ ገንዘቡ ራሱ ይመጣል ብሎ ተራራ የሚወጣ ፕሮዲዩሰር፣ ፀደይ ሲገባ የሚቀርለት የነዳጅ ደረሰኝ ነው።